ዲለሩ «ዋራንቲህ ተቃጥሏል» ከማለቱ በፊት፦ አዲስ መኪና ላይ ሌላ ዕቃ ለመግጠም ዝርዝር መመሪያ

«ዳሽካም (መንገዱን የሚቀርጽ ካሜራ) ስላስገጠምኩ ዋራንቲህ ተቃጥሏል አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው እንዴ?» ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ኡበር ወይም ሊፍት የሚሠራ ወንድም ነው። መኪናው ዓመት አልሞላውም፣ ዕዳው ግን ገና ብዙ ይቀረዋል። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ «ወረቀቱ የት አለ?» ወረቀት የለም። ደረሰኝ የለም። የወጣው ዕቃ ተጥሏል። ዲለሩም (የኩባንያውን መኪና የሚሸጠውና የሚጠግነው ድርጅት) እምቢታውን የነገረው በቃል ነው።

ሰዉ የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። ሕጉ ከእናንተ ጋር ሆኖ ሳለ ባዶ እጃችሁን ትሄዳላችሁ።

መመሪያው አሜሪካ ውስጥ አዲስ መኪና ገዝታችሁ ለምትነዱ ነው። ሌላ አገር ያላችሁ የዝግጅቱና የአገጣጠሙ ክፍል ይጠቅማችኋል፣ ሕጉ ግን የአሜሪካ ነው። «ሌላ ዕቃ» (አፍተርማርኬት) ስል ከመኪናው ፋብሪካ ውጪ ሌላ ኩባንያ የሠራውን ማንኛውንም ዕቃ ማለቴ ነው፤ ከፊልትሮ እስከ ቸርኬ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሕጉ ምን ይላል?

ማግነሰን-ሞስ የሚባል የፌዴራል የዋራንቲ ሕግ አለ፤ የወጣው በ1975 ነው። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ኩባንያ «የእኔን ዕቃ ካልገጠምክ ወይም እኔ ጋ ካላሠራህ ዋራንቲ የለህም» ማለት አይችልም። እንዲህ ማለት የሚችለው ዕቃውን በነፃ ከሰጠ ወይም ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን (ኤፍቲሲ የሚሉት) ልዩ ፈቃድ ካገኘ ብቻ ነው። ይህ ወረቀት ላይ የቀረ ሕግ እንዳይመስላችሁ። በ2022 ኮሚሽኑ የሞተር ሳይክል ኩባንያውን ሃርሊ-ዴቪድሰንን በዚሁ ጉዳይ ይዞ የዋራንቲውን ቃል እንዲያስተካክል አድርጎታል።

ሌላም ጎን አለው፣ እሱን የሚነግራችሁ ሰው ግን ጥቂት ነው። የገጠማችሁት ዕቃ ራሱ ብልሹ ከሆነ፣ ወይም በደንብ ሳይገጠም ቀርቶ ሌላ ክፍል ካበላሸ፣ ለዚያ ለተበላሸው ክፍል ዋራንቲ ሊከለክሏችሁ ይችላሉ። ለዚያ ክፍል ብቻ። መንስኤው የእናንተ ዕቃ መሆኑን ማሳየት ያለባቸውም እነሱ ናቸው። የፍሬን ሸራ ቀይራችሁ ኤሲው ቢበላሽ ሸራውና ኤሲው አይተዋወቁም። የገጠማችሁት ዕቃ ራሱ ሲበላሽ ግን ወደ ሸጠላችሁ ሰው ሂዱ፤ የመኪናው ኩባንያ አያገባውም።

ደረጃ 1፦ የዋራንቲ ደብተሩን አውጡ

ደብተሩ ብዙ ጊዜ ከተሳፋሪው ፊት ያለው ሳጥን ውስጥ፣ ከመኪናው መመሪያ ጋር ነው። ከሌለ ከኩባንያው ድረ ገጽ በሞዴልና በዓመት ፈልጋችሁ አውርዱ። ሁሉንም አታንብቡ። እነዚህን ፈልጉ፦

የትኛው ክፍል እስከ መቼ ተሸፍኗል? «ዋራንቲ» አንድ ነገር አይደለም። ብዙ ኩባንያዎች መኪናውን በጠቅላላ ለ3 ዓመት ወይም ለ36,000 ማይል፣ ሞተርና ካምቢዮውን ደግሞ ለ5 ዓመት ወይም ለ60,000 ማይል ይሸፍናሉ፤ ቀድሞ የደረሰው ይቆጠራል። ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን (ጭሱን የሚያጣራውን) እና የጭስ መቆጣጠሪያውን ኮምፒውተር በፌዴራል ሕግ 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል ይሸፍኗቸዋል። ይህን ስንቱ ሳያውቅ ከኪሱ ከፍሏል! ቶዮታ ሃይብሪድ ከሆነ ደግሞ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ትልቁ ባትሪ 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል አለው።

ለሥራ ስለሚውል መኪና ምን ይላል? ኡበርና ሊፍት የምትሠሩ እዚህ ጋ ቆም በሉ። ለምሳሌ ሂዩንዳይ የሚታወቅበት የ10 ዓመት/100,000 ማይል የሞተርና ካምቢዮ ዋራንቲ ለመጀመሪያው ገዢ ነው፤ ለታክሲና ለመሳሰለው የንግድ ሥራ የዋለ መኪናም አይገባበትም። ይህ ከገጠማችሁት ዕቃ ጋር ምንም አይገናኝም፣ ግን ዲለሩ ላይ ጮኻችሁ ከተከራከራችሁ በኋላ ብታገኙት ያሳፍራል።

ሲገዙ የተሸጠላችሁ «ኤክስቴንድድ ዋራንቲ» ካለ ለብቻው አውጡት። እሱ ዋራንቲ አይደለም፤ የአገልግሎት ውል ነው። ብዙ ጊዜም የሸጠው ሌላ ኩባንያ ነው። የሚገዛችሁ በውሉ ላይ የተጻፈው ስለሆነ «ሞዲፊኬሽን» (መኪናው ላይ የተደረገ ለውጥ) የሚል ቃል ያለበትን አንቀጽ ሁለቴ አንብቡ።

ደረጃ 2፦ ዕቃውን በጣጣው ልክ መድቡ

ሁሉም ዕቃ እኩል ጣጣ የለውም። እኔ እንዲህ ነው የምከፍለው።

ዝም ብላችሁ ግጠሙ፦ ዋይፐር፣ የኤሲ ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ፣ በመለኪያው ልክ የሆነ የዘይት ፊልትሮ። የአየር ፊልትሮ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በዘይት የሚነከረውን ዓይነት ከገዛችሁ ዘይቱ ሲበዛ የአየር መለኪያ ሴንሰሩን ያቆሽሻል። ከዚያ ቼክ ኢንጂን ይበራል። ደረቁን ግዙና ተገላገሉ።

ተጠንቅቃችሁ ግጠሙ፦ ዳሽካም፣ ሪሞት ስታርት (ሞተሩን ከሩቅ ማስነሻ)፣ ጎማና ቸርኬ፣ ተጎታች መሳቢያ፣ የወንበር ልብስ።

የወንበር ልብስ ምን አደረገ ትሉ ይሆናል። ሁለት ነገር ያደርጋል። የፊት ወንበሮች ጎን ላይ ኤርባግ አለ፤ ጎኑን ጥርቅም አድርጎ የሚሸፍን ልብስ ኤርባጉን ሊያፍነው ይችላል። ስለዚህ ለጎን ኤርባግ ክፍት ተደርጎ የተሰፋ መሆኑን እሽጉ ላይ ፈልጉ። ሁለተኛው የሃይብሪድ ነው። እንደ ካምሪና ራቭ4 ባሉ ሃይብሪዶች ትልቁ ባትሪ የሚተነፍሰው የኋላ ወንበር አካባቢ ባለች የአየር ማስገቢያ ነው። ጎንበስ ብላችሁ እዩ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ፕላስቲክ ናት። የወንበሩ ልብስ፣ የልጅ ብርድ ልብስ ወይም የተሳፋሪ ሻንጣ ከዘጋት ባትሪው ይግላል። በእናንተው ልብስ ታፍኖ ለተበላሸ ባትሪ ዲለሩ እምቢ ቢል እኔም አልፈርድበትም። ልብሱን ካለበሳችሁ በኋላ እጃችሁን ከትታችሁ ክፍት መሆኗን አረጋግጡ።

አትንኩ፦ የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም መቀየር፣ ካታሊቲክ ማውጣት፣ ሃይብሪድ ላይ ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ማንኛውም ሽቦ። ኮምፒውተሩን «ወደ ኦሪጅናል እመልሰዋለሁ፣ አያውቁም» የሚሏችሁን አትስሙ። ብዙ መኪኖች ኮምፒውተራቸው ስንት ጊዜ እንደተጻፈበት ይመዘግባሉ፤ ዲለሩም መሣሪያውን ሲሰካ ያየዋል። ካታሊቲክ ማውጣት ደግሞ ከዋራንቲም አልፎ ሕግ መጣስ ነው። ብርቱካናማው ሽቦ ይገድላል።

ደረጃ 3፦ ከመግጠማችሁ በፊት ማኅደር ክፈቱ

ስልካችሁ ላይ በመኪናው ስም አንድ ፎልደር ፍጠሩ። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ፦

1. የማይል መቁጠሪያውን ፎቶ አንሱ። ዳሽቦርዱ ላይ ምንም የማስጠንቀቂያ መብራት አለመኖሩ አብሮ ይታይ።
2. የኮድ ማንበቢያ (መኪናው የመዘገበውን የብልሽት ኮድ የሚያሳይ መሣሪያ) ካላችሁ ሰክታችሁ «ምንም ኮድ የለም» የሚለውን ገጽ ፎቶ አንሱ። ከሌላችሁ ከጓደኛ ተዋሱ፤ ሹፌር ከበዛበት ሰፈር አይጠፋም። በኋላ «ይህ ችግር የመጣው ከገጠምክ ጀምሮ ነው» ሲሏችሁ መልሱ ይህ ፎቶ ነው።
3. ዕቃው ለመኪናችሁ ሞዴልና ዓመት የተሠራ መሆኑን የሚያሳየውን የካርቶኑን ጎን ከነቁጥሩ ፎቶ አንሱ። ካርቶኑን ከዚያ በኋላ ጣሉት።
4. ደረሰኙን ፎቶ አንሱ። ሰው ከገጠመላችሁ የገጣሚውም ደረሰኝ ይኑር። የኛው መካኒክ ከሆነ «ኧረ ወንድሜ፣ በመካከላችን ደግሞ ምን ደረሰኝ አለ?» ይላችኋል። አትፈሩ፣ ጠይቁት። ቀን፣ ማይል፣ የሠራው ሥራ፣ ፊርማ፤ በቁራጭ ወረቀትም ቢሆን ይጻፍ።
5. የወጣውን ኦሪጅናል ዕቃ አትጣሉ። በፌስታል ጠቅልላችሁ ቀኑን ጻፉበትና አስቀምጡት። ያረጀ ሸራና ፊልትሮ ይጣል፤ ቸርኬ፣ መብራት፣ ሬዲዮ ግን ዋራንቲው እስኪያልቅ ይቀመጥ።

ዘይት በራሳችሁ የምትቀይሩ ከሆነ ማኅደሩ እጥፍ ያስፈልጋችኋል። የዘይቱና የፊልትሮው ደረሰኝ፣ የቀየራችሁበት ቀንና ማይል። ዘይቱ የመኪናው መመሪያ የሚለው ቁጥር ይሁን፤ ብዙ አዲስ ቶዮታዎች 0ደብሊው-16 ነው የሚሉት።

አንድ ክፉ ልማድ ደግሞ አለ። «ሲንተቲክ ነው፣ 10,000 ማይል ይሄዳል» ይባላል። ለተራ ነጂ ልክ ነው። የቶዮታ የጥገና መጽሐፍ ግን ሞተር አስነስቶ ለሚቆምና በዝግታ ረጅም ለሚነዳ፣ ታክሲን በስም ጠርቶ፣ በ5,000 ማይል ወይም በ6 ወር ቀይሩ ይላል። ኤርፖርት ሰልፍ ላይ ሞተር አስነስታችሁ የምትውሉ እናንተ ናችሁ። ሞተር ሲበላሽ ዲለሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው የዘይት ደረሰኝ ነው። በጊዜው አለመቀየራችሁን ካወቀ የገጠማችሁት ዕቃ ምንም ይሁን ምን ተሸንፋችኋል።

ደረጃ 4፦ መግጠም፣ ዳሽካምን ምሳሌ አድርገን

ዳሽካምን የመረጥኩት ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱ ላይ ስለሆነ ነው። እኔም ጭምር። የመጀመሪያውን ካሜራዬን ሁልጊዜ ኃይል ካለው ፊውዝ ጋር አገናኘሁት፤ ኃይል ሲቀንስ የሚያጠፋ መቁረጫም አልነበረውም። ሦስት ቀን አሞኝ ተኛሁ፤ አራተኛው ቀን መኪናው ድምፅ የለውም። የ12 ቮልት ባትሪው እንዳይሆን ሆኖ ሞቷል። ዲለሩ ባትሪውን በዋራንቲ አልቀይርም አለ። እውነቱን ነበር፣ ከፍዬ ወጣሁ።

ችግር የማይወዱ ካሜራውን ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ ይሰኩት፤ ይኸው ነው። መኪናው ቆሞም እንዲቀርጽ የምትፈልጉ ግን እንዲህ አድርጉ፦

1. ኃይል ሲቀንስ ራሱን የሚያጠፋ የሽቦ ኪት ግዙ። ይህ የሌለውን በነፃም አትቀበሉ።

2. ፊውዙን ምረጡ። ባትሪው ሳይነቀል፣ በመሞከሪያ መብራት ወይም በመልቲሜትር። ሁለት ትፈልጋላችሁ፤ አንዱ መኪናው ሲነሳ ብቻ ኃይል ያለው፣ ሌላው ሁልጊዜ ያለው። የኤርባግ፣ የፍሬን፣ የመሪና የሞተር ኮምፒውተር ፊውዞችን እለፏቸው። በክዳኑ ላይ «ኤስአርኤስ»፣ «ኤቢኤስ»፣ «ኢሲዩ» የሚል ካያችሁ እጃችሁን አንሱ። የሲጋራ ማቀጣጠያ ሶኬት ወይም እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ምረጡ።

3. የመረጣችሁትን ፊውዝ ነቅላችሁ ከሁለቱ ቀዳዳዎች ኃይል ያለው የትኛው እንደሆነ በመብራቱ ለዩ። የፊውዝ ማጋሪያው (የመኪናውንና የካሜራውን ፊውዝ አንድ ቦታ ላይ የሚይዘው ዕቃ) ሁለት እግር አለው። ሁለቱንም ፊውዞች የሚመግበው እግር ኃይል ባለው ቀዳዳ ይግባ። ብትገለብጡትም ካሜራው ይሠራል፣ ለዚህ ነው ሰው የማያስተውለው። ግን የካሜራው ኃይል በመኪናው ፊውዝ በኩል ስለሚያልፍ ያ ፊውዝ ያልታሰበለትን ይሸከማል።

4. አሁን መኪናውን አጥፉና የ12 ቮልት ባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ። ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቁ። ይህ ለኤርባጉ ነው፤ የቀረ ኃይል ይዞ ይቆያል። ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንድ ሃይብሪዶች ላይ ባትሪው ከኋላ ሻንጣው ጋ ነው። ባትሪው ተነቅሎ ሳለ የኋላውን በር አትዝጉ፤ በኤሌክትሪክ የሚከፈት ከሆነ ደጅ ትቀራላችሁ።

5. ሽቦውን በጣሪያው ጨርቅ ጠርዝ ወሽቁት፤ ከዚያ በመስታወቱ ጎን ባለው ምሰሶ ወደ ታች አውርዱት። ምሰሶው ውስጥ የተጣጠፈ የመጋረጃ ኤርባግ አለ። ሽቦው ከኤርባጉ በስተኋላ ይለፍ። በፊቱ በፍጹም አይለፍ፤ ሲፈነዳ ሽቦውን ይዞት ይመጣል። ፕላስቲኩ እምቢ ካለ አትታገሉት። የያዘውን ክሊፕ ፈልጉ፤ ከተሰበረ አዲስ ግዙ እንጂ በማስቲሽ አታጣብቁ። የኤርባግ ቦታ ላይ በማስቲሽ የተጣበቀ ፕላስቲክ ያየ ዲለር ሌላ ምንም መረጃ አያስፈልገውም።

6. ጥቁሩን ሽቦ ቀለም ባልተቀባ ብረት ላይ ባለ ቡሎን እሰሩ። ኤርባግ የያዘ ቡሎን አይሁን።

7. ባትሪውን መልሱ። መኪናውን አስነሱ። የኤርባግ መብራቱ በርቶ መጥፋት አለበት። የመስኮቱ አንድ ጊዜ ተጭኖ መዝጊያ አልሠራ ካለ አትደንግጡ፤ እንዴት እንደሚመለስ የመኪናው መመሪያ ላይ አለ።

8. የጨረሳችሁትን ፎቶ አንሱ። ፊውዙ፣ ምሰሶው ሳይዘጋ፣ ዳሽቦርዱ።

አንዱ ቢበላሽስ?

የኤርባግ መብራቱ ካልጠፋ አትንዱ። ባትሪውን ንቀሉ፣ ጠብቁ፣ የነካችሁትን ሶኬት ሁሉ ተመልከቱ። ካልገባችሁ ለባለሙያ አሳዩ። ኮዱን ብቻ አጥፍታችሁ አትሂዱ።

ፊውዙ ከተቃጠለ ከፍ ያለ አምፔር አትክተቱ። ብዙ ጊዜ የሆነ ቦታ ሽቦው ተላጥቷል ማለት ነው። ተከትላችሁ ፈልጉት።

ጎማና ቸርኬ ለምትቀይሩ በአጭሩ፦ ጎማው የሚሸከመው የክብደት ቁጥር በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ከተጻፈው አይነስ፤ ዳዶውን በቶርክ ቁልፍ በመጽሐፉ ቁጥር አጥብቁ፤ የጎማ ንፋስ ሴንሰሩን አሸጋግሩ።

ደረጃ 5፦ ዲለር ጋ ስትሄዱ

ችግሩን ብቻ ተናገሩ። «ስክሪኑ ይጠፋል፣ ስነሳ በሦስተኛው ደቂቃ፣ ከሰኞ ጀምሮ።» ምክንያቱን አትገምቱ። «ምናልባት ካሜራው ይሆን?» ካላችሁ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ይኸው ነው። ከተጠየቃችሁ ግን አትዋሹ። የገጠማችሁትን ተናገሩ፤ ውሸት ከተገኘ ሌላውም ቃላችሁ አይታመንም።

ከመፈረማችሁ በፊት «ዋራንቲው ካልሸፈነው ምርመራው ስንት ነው?» በሉ። ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይግባ። ያለዚያ ምንም ሳይሠሩ መቶዎች ተጠይቃችሁ ትወጣላችሁ።

ደረጃ 6፦ እምቢ ሲሉ

የመጀመሪያው ቃላችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይሁን፦ «ካን ዩ ፑት ዛት ኢን ራይቲንግ?» ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ። የተበላሸው ክፍል የትኛው ነው፣ ያበላሸው የትኛው የእኔ ዕቃ ነው፣ እንዴት አወቃችሁ፤ ሦስቱም በጽሑፍ።

ይቺን ዓረፍተ ነገር የተማርኩት ያው ካሜራ ሁለተኛ ጊዜ ጣጣ ውስጥ ሲከተኝ ነው። ባትሪውን ከከፈልኩ ከወራት በኋላ ስክሪኑ እየጠፋ አስቸገረኝ። ሰርቪስ ላይ ያለው ልጅ ቀና ብሎ ካሜራውን አየና «ኤሌክትሪኩን ነካክተኸዋል፣ አይሸፈንም» አለኝ። ጻፍልኝ አልኩት። ገብቶ ከአለቃው ጋር ተነጋገረ፣ ቆየ። ሲወጣ «እስኪ ካሜራውን ነቅለን እንየው» አለ። ነቀሉት። ስክሪኑ መጥፋቱን አላቆመም። በዋራንቲ ቀየሩልኝ።

እምቢታው ከጸና በዚህ ቅደም ተከተል ቀጥሉ፦

1. የሰርቪሱን ሥራ አስኪያጅ አግኙ። ፎልደሩን ከፍታችሁ አሳዩት፤ ብዙው ጉዳይ እዚህ ያልቃል።
2. የተበላሸውን ክፍል እንዳይጥሉት በጽሑፍ ጠይቁ። ከተጣለ ማንም ሊመረምረው አይችልም።
3. የኩባንያውን የደንበኞች መስመር ደውላችሁ የጉዳይ ቁጥር ተቀበሉ። ቁጥሩ የደብተሩ መጀመሪያ ገጾች ላይ ነው። የሚያዋጣው የተጻፈላችሁን እምቢታ ቃል በቃል ማንበብ ነው።
4. ሌላ ዲለር ሞክሩ። ዋራንቲው የኩባንያው ስለሆነ የገዛችሁበት መሄድ ግድ አይደለም።
5. ከዲለሩ ነፃ የሆነ መካኒክ መንስኤውን መርምሮ እንዲጽፍላችሁ ክፈሉ። ብሩ ያማል፣ ለቀጣዩ ደረጃ ግን ከዚህ የሚበልጥ ወረቀት የለም።
6. ደብተሩ ውስጥ የተጻፈውን የግልግል መንገድ ተጠቀሙ። ቢቢቢ ኦቶ ላይን የሚባለው ወይም ሌላ ይሆናል። አንዳንድ ደብተር ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ይህን እንድታደርጉ ያስገድዳል።
7. ለኤፍቲሲና ለክፍለ ግዛታችሁ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቅሬታ አስገቡ። ኤፍቲሲ የእናንተን መኪና አያሠራላችሁም፤ ቅሬታው ግን ይመዘገባል። የዐቃቤ ሕጉ ቢሮ አንዳንዴ ለዲለሩ ይደውልለታል።
8. ገንዘቡ ትልቅ ከሆነ፣ ሞተር ወይም ካምቢዮ ከሆነ፣ ጠበቃ አማክሩ። በማግነሰን-ሞስ ከረታችሁ ፍርድ ቤቱ የጠበቃውን ወጪ ኩባንያው እንዲከፍል ሊያዝ ስለሚችል፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ ከእናንተ ቀድመው ገንዘብ ሳይቀበሉ የሚይዙ ጠበቆች አሉ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እምቢታው የተጻፈበትን ወረቀት ነው።

በዋራንቲ ሠርተው ሲመልሱላችሁም የሥራ ወረቀቱን ሳትይዙ አትውጡ። ምን እንደቀየሩና በስንት ማይል እንደቀየሩ ይጻፍበት። እሱም ፎልደሩ ውስጥ ይግባ፤ ያው ችግር ከተመለሰ የምትጀምሩት ከዚያ ወረቀት ነው።